ካቢን ማጽዳት የማን ሥራ ነው? በጅማ ልጆች መድረክ ላይ የተነሳ ክርክር

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተችው ለበረራ አስተናጋጅነት ሥልጠና ልትመዘገብ የምታስብ የጅማ ልጅ ናት። ሆስተስ ካቢን የማጽዳት ግዴታ አለባት ወይ ብላ ጠየቀች። ባዶ ጥያቄ ግን አልነበረም፤ አቋሟን ይዛ ነው የመጣችው። ሆስተስ የምትሠለጥነው በአደጋ ጊዜ በር ለመክፈት፣ እሳት ለማጥፋት፣ ትንፋሽ ላጠረው ኦክስጅን ለመስጠት ነው፤ ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ በየወንበሩ ሥር አጎንብሳ ሶፍትና የውሃ ጠርሙስ መልቀሟ ሙያውን ያዋርደዋል፤ አየር መንገዶችም ይህን የሚያደርጉት የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ለማትረፍ ብቻ ነው የሚል ነበር አቋሟ። 19 መልስ ተከተለው። ከመላሾቹ ብዙዎቹ ሥራውን ከውስጥ እንደሚያውቁት ከአጻጻፋቸው ይታያል። እንዲህ ያለ ዕውቀት ከሳምንት በኋላ ወደ ታች ወርዶ ስለሚጠፋ በተራው እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይም ሳልናገር አላልፍም።

1ኛው መልስ ትሁት ነበር። እህቴ ብሎ ጀመረና፣ ጽዳት የሚለው ቃል ሦስት ሥራ በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው ክርክሩ የሚወሳሰበው አለ። የመጀመሪያው ማሰናዳት ነው፦ ቆሻሻ መልቀም፣ ቀበቶ ማስተካከል፣ የወንበር ኪስ ማየት፣ ጠረጴዛ መዝጋት። ሁለተኛው ትክክለኛው ማጽዳት ነው፦ ምንጣፍ በቫኪዩም መጥረግ፣ ጠረጴዛና የክንድ ማሳረፊያ ማበስ፣ ሽንት ቤት ማጠብ፣ የወንበር ልብስ መቀየር። ሦስተኛው ጀርም መግደል ነው፤ ይህ የተፈቀደ ኬሚካል፣ የተለካ መጠንና የተወሰነ የመቆያ ጊዜ ይፈልጋል። በብዙ አየር መንገዶች የመጀመሪያው የአስተናጋጆቹ፣ ሁለቱ ደግሞ መሬት ላይ ያለው የጽዳት ቡድን ድርሻ ናቸው። እንደ ራያንኤርና ኤርኤዥያ ባሉ አጭር በረራ በሚያበዙ ርካሽ አየር መንገዶች ግን በበረራና በበረራ መካከል ካቢኑን የሚያሰናዱት አስተናጋጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጥልቁ ጽዳት አውሮፕላኑ ሲያድር ይሠራል። እኔ እንደማየው ከዚህ በኋላ የተነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ይህን መልስ ሳያነቡ የተጻፈ ነው።

2ኛው ያንኑ ሐሳብ ደግፎ ምክንያቱን ጨመረበት። ማሰናዳት የአስተናጋጅ ሥራ የሆነው ለውበት አይደለም። ከ44 መቀመጫ በላይ ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው በግማሽ በሮቹ ብቻ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ከታየ በኋላ ነው። ወለል ላይ የተጣለ ብርድ ልብስ ያንሸራትታል፣ የቦርሳ ማንገቻ እግር ይጠልፋል፣ ወደ ፊት የተንከባለለ ጠርሙስ በር አካባቢ ይወሸቃል። ከማረፍ በፊት ፌስታል ይዛ የምትዞረው ሆስተስ መውጫ መንገድ እየጠረገች ነው። የወንበር ኪስና የላይፍ ጃኬቱን ቦታ በእጅ መፈተሽም የደኅንነት ፍተሻ ነው፤ የተረሳ ስልክም፣ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነገርም የሚገኘው በዚያው እጅ ነው።

በ3ኛው መልስ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጸሐፊው ስለ አንዲት ነገር ብቻ ነው የጻፈው፤ ስለ ሽንት ቤቱ የቆሻሻ ቅርጫት። ቅርጫቱ ከመታጠቢያው ሥር ባለ ዝግ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሶፍት የሚጣልበት ቀዳዳ በስፕሪንግ ራሱን የሚዘጋ ክዳን አለው። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ ተገጥሟል፤ የቱቦው ጫፍ በሙቀት ሲቀልጥ ጋዙ በራሱ ይለቀቃል። ዘዴው የሚሠራው ግን ሳጥኑ ዝግ ሲሆን ነው። ቅርጫቱ ሞልቶ ሶፍት ክዳኑን ከፍቶ ከያዘው አየር ይገባል፣ የማጥፊያውም ጋዝ ሳይጠራቀም ያመልጣል። ቅርጫቱ ተጠርጎ ሲመለስ በቦታው ካልተቀመጠም የቱቦው ጫፍ ወደ ቅርጫቱ ሳይሆን ወደ ጎን ያይና ጋዙ ባዶ ቦታ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሽንት ቤት ገብታ ሶፍቱን በጓንት የምትጠቀጥቅ፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ገፍታ መመለሱን የምታይ አስተናጋጅ እሳት እየጠበቀች ነው። ሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. የብራዚሉ አየር መንገድ የቫሪግ ቦይንግ 707 ፓሪስ ኦርሊ ሊያርፍ ሲቃረብ ከኋላ ሽንት ቤት በተነሳ እሳት 123 ሰው አልቋል፤ የተጠረጠረው ቅርጫት ውስጥ የተጣለ ሲጋራ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ በረራ 797 ሲንሲናቲ ላይ ሲያርፍ 23 ሰው ሞተ፤ በዚያም እሳቱ የታየው ሽንት ቤት አካባቢ ነው። በሽንት ቤት የጭስ ጠቋሚና በቅርጫት ውስጥ ራሱን የሚሠራ ማጥፊያ ግዴታ የሆነው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሲጋራ ማጨስ ክልክል በሆነበት በዛሬ አውሮፕላን ላይ እንኳ ሽንት ቤት በር ላይ መተርኮሻ የሚገጠመው፣ ሕግ የጣሰ ሰው መጣያ አጥቶ ወደ ቅርጫቱ እንዳይወረውር ነው።

ድምፁ የተቀየረው በ4ኛው ነው። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ምክንያት በማስዋብ ወቅሶ፣ ደኅንነት ነው ከተባለ ለምን አይከፈልም ሲል ጠየቀ። በብዙ አገር የአስተናጋጅ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ሞተር እስኪጠፋ ነው፤ ተሳፋሪ ማስገባቱም፣ መሬት ላይ ቆሻሻ መልቀሙም ከዚያ ውጭ ይወድቃል። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ ተሳፋሪ ለሚገባበት ጊዜ የሰዓቱን ክፍያ ግማሽ መክፈል የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ10,000 በላይ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ሥራ ያቆሙበት ዋና ጥያቄ ይኸው የመሬት ላይ ሥራ ክፍያ ነበር። ሥራው የእኔ ነው፣ ደመወዙ ግን የማንም አይደለም ማለት አይቻልም ብሎ ዘጋው። ቃሉ ሸካራ ነው፤ ነጥቡ ግን ልክ ነው፣ እስከ መጨረሻውም ማንም አልመለሰለትም።

5ኛው ሊመልስለት ሞክሮ ወደ ሌላ ጠቃሚ ነገር ሄደ። ክፍያው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የወር ደመወዝ ከበረራ ሰዓት አበል ጋር የሚከፍልም አለ። ስለዚህ ከፋቿ ውል ከመፈረሟ በፊት ሦስት ነገር ታንብብ አለ፦ የሥራ ሰዓት ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆጠር፣ በሥራ መዘርዝሩ ውስጥ ጽዳት የሚል ቃል ተጽፎ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች የሚለው መስመር ወሰን ያለው መሆኑን። እዚህ አገር ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን መስመር ያውቀዋል፤ በኋላ የሚያከራክረውም እሱ ነው።

6ኛው እርሳስና ወረቀት ይዞ መጣ። ጅማ ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ የሚሠራው ዳሽ 8-400 ባለ ሁለት ሞተር ፕሮፔለር ነው። አንዱን ባለ 78 መቀመጫ እንውሰድ። በአሜሪካ ደንብ ከ51 እስከ 100 መቀመጫ ላለው አውሮፕላን ሁለት አስተናጋጅ ይበቃል። መሬት ላይ የሚቆየው 25 ደቂቃ ነው ብንል፣ መውረዱ 6፣ መግባቱ 12 ይወስዳል፤ 7 ደቂቃ ይቀራል፣ ማለትም 420 ሰከንድ። 78 ወንበር ለሁለት ሲካፈል ለአንዷ 39 ይደርሳታል። ለአንድ ወንበር 10 ሰከንድ ከጥቂት። በ10 ሰከንድ ቆሻሻ ይነሳል፣ ቀበቶ ይስተካከላል፣ ኪስ ይታያል። ጠረጴዛ በመድኃኒት ማበስ ግን አይሆንም፤ ከተለመዱት የጀርም መግደያዎች ብዙዎቹ ላዩ እርጥብ ሆኖ እስከ 10 ደቂቃ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ደቂቃው ሳይሞላ የደረቀ መድኃኒት አልሠራም። በዚህ ስሌት ጥልቅ ጽዳት ከአስተናጋጅ መጠበቅ ሥራው እንዳልተሠራ እያወቁ ተሠርቷል ብሎ መፈረም ነው።

7ኛው ተቃወመ፣ በጥሩ ምሳሌ። በጃፓን ፈጣን ባቡር ቶኪዮ ጣቢያ ላይ አንድ ጽዳት ሠራተኛ 100 ያህል መቀመጫ ያለውን ፉርጎ በዚያው በ7 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በመቀመጫ 4 ሰከንድ ብቻ። እዚያ ከተቻለ እዚህም በሥልጠና ይቻላል ነው ክርክሩ። 6ኛው ጸሐፊ በ8ኛ መልስ ተመልሶ ሲከራከር ትንሽ ቆጣ ብሎ ነበር። ያ ሠራተኛ ሥራው ያ ብቻ ነው፤ ከፊቱ በረራ አልነበረውም፣ ከኋላውም የለውም። ቀበቶ አይቆጥርም፣ የላይፍ ጃኬት አይፈትሽም፣ በር አይጠብቅም። ሽንት ቤቱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ደግሞም ምሳሌው የሚያስረዳው ለጽዳት ለብቻው ሰው መመደብ እንደሚያዋጣ ነው፤ የባቡሩን ትኬት ቆራጭ መጥረጊያ አላስያዙትም። እኔም እዚህ ላይ ከ6ኛው ጋር ነኝ።

9ኛው የጅማን ጭቃ አነሳ፤ ርዕሱ ከዚህ በኋላ ለጊዜው ጠፋ፣ ግን ጥሩ መጥፋት ነበር። ጅማ ላይ ዝናቡ ከብዙ ቦታ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል፤ አፈሩም ቀይ ሸክላ ነው። ዳሽ 8 ከፊት በሩ ጋር ተያይዞ የሚዘረጋ የራሱ ደረጃ ስላለው ተሳፋሪው በእግሩ ሜዳውን አቋርጦ ነው የሚገባው። ጭቃው ደረጃው ላይ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ምንጣፍ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርጥብ ጨርቅ ሊያብሰው ሲሞክር ነው፤ ሸክላው ወደ ምንጣፉ ሥር ይገባና ቀዩ ቀለም አይለቅም። ትክክሉ ወፍራሙን በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሳት፣ የቀረውን እንዲደርቅ መተው፣ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ቀስቅሶ በቫኪዩም መሳብ ነው። ይህ ደግሞ በ7 ደቂቃ አይሆንም፤ አስተናጋጇ ማድረግ የምትችለው ደረጃው ላይ የተነጠፈውን መርገጫ ማራገፍና እርጥቡ ቦታ እንዳያንሸራትት ሶፍት መጣል ነው። የተቀረው ማታ ለጽዳት ቡድኑ ይነገራል።

ጭቃ ከተነሳ ማር እንዴት ይቀራል ብሎ 10ኛው ቀጠለ። ከጅማ የሚሄድ ሰው ቡናና ማር ሳይዝ አይሄድም። ቡናው ችግር የለውም፤ ማሩ ግን በጀሪካንና በባልዲ ተጭኖ የላይኛው መደርደሪያ ውስጥ ሲዘነበል ይፈሳል። ከፍታ ሲጨምር የካቢኑ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ጀሪካኑ ውስጥ የታሸገው አየር ይነፋና ማሩን በክዳኑ ጥርስ በኩል ይገፋዋል፤ ክዳኑን ማጥበቅ ለብቻው አያድንም። የፈሰሰው ወደ ታች ይንጠባጠብና ወንበሩ በተጠመደበት የብረት ሐዲድ ውስጥ ይገባል። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥቡና አሲዱ አሉሚኒየሙን ይበላሉ፤ ወንበሩን ይዞ የሚቆመው ደግሞ ያ ሐዲድ ነው። አልኮል በዚህ ላይ አይረዳም፣ ስኳር በአልኮል እምብዛም አይሟሟም። የሚሠራው ይህ ነው፦ በሐዲዱ ላይ ያለውን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ መፋቅ፤ በለብ ያለ ውሃ ተነክሮ ጥብቅ ተደርጎ በተጨመቀ ጨርቅ ሦስት አራት ጊዜ ማበስ፤ በየጊዜው የጨርቁን ፊት መቀየር፤ በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ውሃ ማፍሰስ በፍጹም አይሆንም፣ ከወለሉ ሥር ሽቦ አለ። ከሐዲዱ መሸፈኛ ሥር የገባ ከሆነ የአስተናጋጅም የጽዳት ሠራተኛም ሥራ አይደለም፤ ካቢን መዝገቡ ላይ የወንበሩ ቁጥር ተጽፎ መካኒክ ይከፍተዋል። ሳይጻፍ የታለፈ ማር ጉንዳን እንደሚጠራም አክሏል።

11ኛው ተናደደ። እኛ ስለ ሰው መብት እናወራለን፣ እናንተ ስለ ማር አለ፤ እስከዚህ ልክ ነበር። ቀጥሎ ግን ሆስተስ ገረድ አይደለችም፣ ለዚያ ጽዳት ሠራተኞች አሉላት የሚል ቃል ጻፈ። 12ኛው አልማረውም። የጽዳት ሠራተኛን ስም ለስድብ የሚጠቀም ሰው ስለ ክብር ለማውራት አፍ የለውም አለ። ካቢን የሚያጸዱ ሰዎች ሌሊት ገብተው በአንድ አውሮፕላን ላይ የሚነኩትን ቆሻሻ፣ የሚይዙትን ኬሚካል፣ የሚሸከሙትን ቫኪዩም ዘረዘረ። የወንበር ኪስ ውስጥ የተተወ መርፌ የሚወጋውም እነሱን ነው፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ እጅ ዝም ብሎ አይከተትም፣ መጀመሪያ ከላይ ይከፈታል፣ በዓይን ይታያል፣ ከዚያ በመቆንጠጫ ይወጣል። 11ኛው ቃሉን ሳይሰርዝ ዝም አለ። ክሩ ላይ ካሉት ሁሉ ይህ 12ኛ መልስ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ነካው፤ የከፋቿም ጥያቄ ሥሩ ላይ ይህ ስድብ ተሸሽጎ ነበርና። ቆሻሻ ማንሳት ሰውን ያወርዳል ከሚል የሚነሳ ክርክር ስለ ሆስተሷ ልክ ቢሆን እንኳ ስለ ሌላዋ ሴት ያጠፋል። የሚያዋጣው ጥያቄ ማን ጊዜ አለው፣ ማን ሠልጥኗል፣ ለማን ይከፈላል የሚለው ነው።

13ኛው ከታሪክ አመጣ። በግንቦት 1930 እ.ኤ.አ. ኤለን ቸርችና ሌሎች ነርሶች በቦይንግ ኤር ትራንስፖርት የመጀመሪያዎቹ ሴት አስተናጋጆች ሆነው ሲጀምሩ፣ ካቢን መጥረግ፣ ሻንጣ መጫን፣ ከወለሉ የላላ የወንበር ብሎን ማጥበቅ ሳይቀር ሥራቸው ነበር። 14ኛው በአንድ መስመር፣ በ1930 የነበረ ሁሉ ዛሬ ይቀጥል ከተባለ ብሎኑንም ያጥብቁ ብሎ መለሰለት። ከዚህ በላይ አላስኬደም።

15ኛው የክሩ ረጅሙ መልስ ነው። ጸሐፊዋ 1ኛውን ጠቅሳ፣ በበረራ ላይ ግን አስተናጋጅ ብቻዋን የምታጸዳው አንድ ነገር አለ አለች፦ ትውከትና ደም። ፕሮፔለር አውሮፕላን ከጄት ዝቅ ብሎ ስለሚበር ከሰዓት በኋላ በክረምት ደመና ውስጥ ይናጣል፤ ከረጢቱ ያልደረሰለት ሰው ወለል ላይ ያስመልሳል። ለዚህ አውሮፕላኑ ላይ የተለየ መከላከያ ሳጥን አለ፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የካቢን ሠራተኛ በሚያስፈልገው አውሮፕላን ሁሉ አንድ ወይም ሁለት እንዲኖር ይመክራል። ውስጡ ፈሳሽን ወደ ጄል የሚቀይር ዱቄት፣ የጀርም መግደያ፣ የቆዳ ማበሻ፣ የፊትና የዓይን መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ሽርጥ፣ ትልቅ መምጠጫ ፎጣ፣ መፋቂያ ያለው ማንሻና የተለየ የቆሻሻ ከረጢት ይገኛል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠችው። መጀመሪያ አካባቢው ያሉት ተሳፋሪዎች ቦታ ካለ ይነሳሉ። መሸፈኛው፣ ሽርጡና ጓንቱ ሳጥኑ እንደተከፈተ ይለበሳሉ፤ ሰው አዝኖ ባዶ እጁን የሚሮጠው እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ ከዳር ወደ መሀል ይነሰነሳል፤ ከመሀል ከተጀመረ ፈሳሹ ወደ ዳር ይሸሻል። ጄል እስኪሆን ይጠበቃል፤ ቶሎ የተነሳ እንደሆነ ዱቄቱ ሥር ያለው ፈሳሽ ይንጠባጠባል። በማንሻው ተሰብስቦ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቦታው በጀርም መግደያው እርጥብ ሆኖ መለያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይቆያል፣ ይታበሳል። ሲወለቅ መጀመሪያ ጓንትና ሽርጥ፣ መጨረሻ ፊት ላይ ያለው፤ ፊቱን በቆሸሸ ጓንት መንካት ሙሉ ልፋቱን ያበላሻል። ከረጢቱ ታስሮ ከተቻለ በተዘጋ ሽንት ቤት ይቀመጣል እንጂ ጋሊ (የምግብ ማዘጋጃው ክፍል) ውስጥ ከምግብ ጋር አይገባም። እጅ በሳሙናና በውሃ 20 ሰከንድ ይታጠባል። በመጨረሻ ረድፉና የወንበሩ ፊደል መዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ ሳይጻፍ የቀረ ከሆነ ማታ የሚመጣው ጽዳት ሠራተኛ ሳያውቅ ባዶ እጁን ይነካዋል፣ የወንበሩም ልብስ ሳይቀየር ይቀራል። 12ኛውን ያስቆጣው ነገር በእውነት የሚከሰተው እዚህ ነው ብላ አገናኘችው።

16ኛው ስለ ኬሚካሉ አረማት እንጂ አልተቃወማትም። ቤት ውስጥ በረኪና የለመደ ሰው አውሮፕላንም ላይ በረኪና ይሻላል ይላል፤ አይሆንም፣ ክሎሪኑ አሉሚኒየም ይበላል። ቦይንግ ለጠንካራ ገጾች የመከረው 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ እሱም በጨርቅ ይታበሳል እንጂ አይረጭም፣ ጭጋጉ እሳት ይይዛል፣ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥም ይገባል። መስኮት ላይ ግን አይነካም፣ አክሪሊክ የተባለውን የመስኮቱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። ደግሞ የጨጓራና አንጀት በሽታ አምጪ የሆነውን ኖሮቫይረስ አልኮል በደንብ አይገድለውም፤ ስለዚህ ሰው ትውከትና ተቅማጥ አንድ ላይ ከያዘው ዋናው መከላከያ የእጅ ሳሙና ነው፣ ጉዳዩም ሳይዘገይ ለካፒቴኑ ይነገርና ካፒቴኑ ከማረፉ በፊት ለመሬት ያስታውቃል።

17ኛው ስለ ተባይ መርጨት ጠየቀና ራሱ መለሰ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድን የመሰሉ አገሮች የሚገባ አውሮፕላን ከነፍሳት እንዲጸዳ ያስገድዳሉ። አንዱ መንገድ በር ከተዘጋ በኋላ አስተናጋጆች በኮሪደሩ እየሄዱ 2 በመቶ ዲ-ፌኖትሪን የተባለ ፀረ ነፍሳት መርጨት ነው፤ ለ100 ሜትር ኩብ 35 ግራም። ሌላው ፐርሜትሪን የተባለውን ፀረ ነፍሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ ቀድሞ መቀባት ሲሆን ምንጣፍ ላይ በካሬ ሜትር 0.5 ግራም፣ ሌላ ቦታ 0.2 ግራም ሆኖ 8 ሳምንት ይሠራል። ከጅማ አዲስ አበባ መስመር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እንደ መረጃ ግን ጥሩ ነው፣ ጣሳውን የምትይዘው አስተናጋጇ ራሷ ናትና።

18ኛው ከፋቿ ነበረች። ተቆጥታ አልተመለሰችም። ለ12ኛው ይቅርታ ጠይቃ፣ ለ5ኛው አመስግና፣ ጥያቄዋን ጠባብ አድርጋ አቀረበች፦ ሁለት አስተናጋጅ ብቻ ባለበት ጅማ ላይ በሚደረግ አጭር ቆይታ፣ ነዳጅ እየተቀዳ፣ ተሳፋሪ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ማሰናዳቱን ማን ያቆማል?

19ኛው መለሰላት፣ አንቺ እያለ፣ ትልቅ ወንድም እንደሚያስረዳ። ተሳፋሪ ውስጥ እያለ ነዳጅ ከተቀዳ ሰው በቅጽበት ለማስወጣት የተዘጋጀ የሠለጠነ ሠራተኛ ሊኖር የግድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም አስተናጋጆች በሮቻቸው አጠገብ ይቆማሉ፣ ጎንበስ ብሎ ከወንበር ሥር መልቀም ይቀራል። ደረጃው ሥር ዕቃ አይቆምም፣ መተላለፊያው ላይ የጽዳት ቫኪዩም ሽቦ አይዘረጋም። ማሰናዳቱ የሚጀመረው ነዳጅ ቀጂው ቱቦውን ነቅሎ ከሄደና ካፒቴኑ ካሳወቀ በኋላ ነው፤ 6ኛው ያሰላው 7 ደቂቃ በዚህ ምክንያት 4 ከሆነ፣ 4 ነው፤ የጎደለው በመዝገብ ይጻፋል እንጂ በሩጫ አይሞላም። አንድ ነገርም አከለላት። ከሁለቱ አንዷ ሽንት ቤቱን፣ ሌላዋ ጋሊውን ይያዙ፣ በመሀል አይለዋወጡ፤ ሽንት ቤት የያዘችው ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ጨርሳ ካልሆነ ወደ ዳቦውና ወደ ውሃው እንዳትመጣ። ጓንቱም ሲወለቅ የአንዱ አንጓ ተይዞ ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በሌላው ጓንት ውስጥ ይጨበጣል፤ ሁለተኛው ከውስጥ በባዶ ጣት ተይዞ በላዩ ይገለበጥበታል፣ ሁለቱም አንድ ሆነው ወደ ቅርጫቱ። ከዚያ ክዳኑ መዘጋቱን እይ አላት፤ 3ኛውን አስታውሶ።